መልስ፦ ሱቄ ተሰብሮ የእኔን አሻራ ለምን ወሰዱ?

ተጠርጥረህ አይደለም። ግሽ ዓባይ ያለው ሱቅህ መስታወት ላይ ያንተም የሠራተኛህም አሻራ ሞልቷል። የእናንተ ተለይቶ ሲወጣ የሚተርፈው የማይታወቅ ሰው ነው። የሚፈለገው እሱ ነው።

«ኮምፒውተሩ ወዲያው ስም ያወጣል ወይ?» ላልከው፣ አያወጣም። ማሽኑ የጣት መስመሮች የት እንደሚያበቁና የት ለሁለት እንደሚከፈሉ ያያል። ያየውን በፖሊስ መዝገብ ውስጥ ካሉት አሻራዎች ጋር አስተያይቶ የሚቀራረቡትን በደረጃ ይደረድራል። ከዚያ ባለሙያ በዓይኑ አመሳክሮ ይወስናል። እሱም ይሳሳታል። በ2004 እ.ኤ.አ. ከማድሪድ የባቡር ፍንዳታ በኋላ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ንጹሕ ጠበቃ ያሰረው ማሽኑ ካቀረበው ዝርዝር ውስጥ ባለሙያዎቹ በስህተት መርጠውት ነው።

ሌባው አሻራው መዝገብ ውስጥ ከሌለ ደግሞ ፍለጋው ባዶ ነው። ጀማሪ ሌባ በዚህ ዕድለኛ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ እኛ ሰፈር ሱቅ ሲሰበር ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው መጥረጊያ ነው። አሁንም ሌባው የነካው ዕቃ ካገኘህ አትወልውለው፣ ባለበት ትተህ መርማሪውን ጥራ። የግድ መነሳት ካለበት ጠርዙን ይዘህ ካርቶን ውስጥ አድርገው። ፌስታል ውስጥ አትቋጥረው፤ በባሕር ዳር ወበቅ ያልበዋል፣ አሻራውም ይበላሻል።