«ሐኪሙ ነው ያዘዘኝ» ማለት ያድናል? የነርሶች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ነገር ሲበላሽ ማን ይጠየቃል? ዝርዝር ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ አንቀጽ አልጠቅስም። የትም ብትሠሩ የማይቀየረውን ብቻ እነግራችኋለሁ።

«ሐኪሙ ያዘዘው መጠን በዛብኝ። ስጠይቀው ‹ስጪው፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ› አለኝ። ብሰጥ እጠየቃለሁ?»

ትጠየቂያለሽ። እሱም ይጠየቃል፤ የእሱ መጠየቅ ግን አንቺን ነፃ አያወጣሽም። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ መጀመሪያ የወጣው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ነርስ ለምትሠራው ሥራ በግሏ ተጠያቂ ናት ይላል። መርፌውን የያዘው እጅ ያንቺ ነው። ለምሳሌ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባለው መድኃኒት ሳይበረዝ በደም ሥር ቢገፋ ልብ ያቆማል። «ታዝዤ ነው» ብትይ ማን ይሰማሻል?

ስለዚህ ከተጠራጠርሽ አትስጪ። ግን ዝም ብለሽ «አይሆንም» አትበዪው፤ በቁጥር ተናገሪ። «ታካሚው 50 ኪሎ ነው፣ ኩላሊቱም ደክሟል፣ ይሄ መጠን ልክ ነው?» በዪ። ብዙ ሐኪም እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያያል። አሻፈረኝ ካለ ወደ ፋርማሲስቱና ወደ ኃላፊ ነርሷ ሂጂ። ከዚያ ጻፊ፤ በስንት ሰዓት፣ ለማን ነገርሽ፣ ምን ተመለሰልሽ። «ኃላፊነቱ የኔ» ያለ ሰው ነገ «መች አልኩ?» ሊል ይችላል። በስልክ የመጣ ትዕዛዝ ከሆነ ደግሞ ጽፈሽ መልሰሽ አንብቢለት፣ «አዎ» ይበል።

«ሥራ ሲበዛ የደም ግፊትና የልብ ምት ሳንለካ የቀደመውን ቁጥር እንገለብጣለን። ሁሉም ያደርገዋል። ያን ያህል ከባድ ነው?»

ከባድ ነው፣ ወንድሜ። ቻርቱን፣ የታካሚውን መዝገብ፣ እስቲ እንደ ጠበቃ እየው። የልብ ምት 84፣ ሙቀት 36.8፤ ከአራት ሰዓት በኋላም 84፣ 36.8፤ ከዚያም እንደገና 84፣ 36.8። የሰው ገላ እንዲህ አይጸናም። ታካሚው ሌሊቱን ደም እየፈሰሰው ከነበረ ያ ወረቀት ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብሃል። ይሄ ስህተት አይባልም፤ የሐሰት ሰነድ ነው፣ የሙያ ፈቃድህን ሊያስነጥቅህ ይችላል።

ካልለካህ «አልተለካም» ብለህ ምክንያቱን ጻፍ። ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው። ዘግይተህ የምትጽፈውን «ዘግይቶ የተጻፈ» በለው፤ የጻፍክበትንም፣ ነገሩ የሆነበትንም ሰዓት አስቀምጥ። የተሳሳትከውን በአንድ መስመር ሰርዝ፣ የተሰረዘው ይነበብ፣ ቀንና ፊርማ አኑርበት። ነጭ ቀለም ቀብቶ ማጥፋት ግን የሆነ ነገር የተደበቀ ያስመስላል።

«የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ሳስፈርም ታካሚዋ ‹ምን ሊያደርጉኝ ነው?› አለችኝ። ላስረዳት ወይስ ላስፈርማት?»

ሁለቱንም ተይው። ቀዶ ሕክምናውን፣ አደጋውንና ሌላውን አማራጭ ማስረዳት የሐኪሙ ሥራ ነው። አንቺ በምስክርነት ስትፈርሚ የምትመሰክሪው የፈረመችው እሷው መሆኗን፣ ወዳ መፈረሟንና አእምሮዋ በቦታው መሆኑን ነው። ካልገባት ወረቀቱን መልሰሽ ሐኪሙን ጥሪ። ዝግጅቱ ቢዘገይ ይዘግይ። የማረጋጊያ መድኃኒት ወስዳ ድብት ያላትን ሰው ማስፈረምማ ጭራሽ!

«አንድ ሰው ደውሎ ‹ልጁ ነኝ› ብሎ የታካሚውን የምርመራ ውጤት ጠየቀኝ።»

ልጁ ቢሆንስ? አእምሮው ደህና የሆነ ታካሚ ሳይፈቅድ ለልጅም አይነገርም። «እሱን ጠይቄ ልመለስ» ማለት በቂ ነው።

«ፊቱ የማይታይ የቁስል ፎቶ በስልኬ አንስቼ በጓደኞቼ ግሩፕ ብለጥፍስ?»

አትለጥፊ። ንቅሳት፣ የአልጋ ቁጥር፣ የእጅ ማሰሪያ፤ ሰውን የሚያስለየው ፊት ብቻ አይደለም።

«የተሳሳተ መድኃኒት ሰጠሁ። ታካሚው ምንም አልሆነም። ዝም ብል ይሻለኛል?»

ፍርሃትህ ይገባኛል። አሜሪካ ውስጥ፣ ቴነሲ ግዛት፣ በ2017 እ.ኤ.አ. አንዲት ነርስ በማረጋጊያ ፋንታ ጡንቻ የሚያሽመደምድ መድኃኒት ሰጥታ ታካሚዋ ሞተች። ነርሷ ስህተቷን ወዲያው ተናግራለች። ሆኖም በ2022 በወንጀል ጥፋተኛ ተብላ የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት ተፈረደባት። ብዙ ነርሶች «እንግዲህ ማን ይናገራል?» ብለው ተቆጡ። እኔም ያ ክስ የሚያስተምረው መደበቅን ነው ብዬ ነበር የፈራሁት።

ሆኖም መልሴ ተናገር ነው። አሁን «ምንም አልሆነም» የምትለው ታካሚ ከሰዓታት በኋላ ሊወድቅ ይችላል፤ የሚያክመው ሐኪምም ምን እንደወሰደ አያውቅም። መጀመሪያ ታካሚውን እይ፣ ለካ። ከዚያ ለሐኪሙና ለኃላፊህ ንገር። ቻርቱ ላይ የሰጠኸውንና ያየኸውን ብቻ ጻፍ፤ ሰበብ አትደርድር፣ ጓደኛህንም አትክሰስ። የአደጋ ሪፖርቱን ለብቻ ሙላ። ሁለት መድኃኒቶች ስማቸውና ብልቃጣቸው ተመሳስሎ አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ከሆነ ይህንንም እዚያው ጻፍ። የሚቀጥለው ተረኛ የሚያነሳው ከዚያው መደርደሪያ ነው።