የጎተራው ድመት ትኩሳት ለምን ተመላለሰበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአድአ ጤፍና ስንዴ የማመርት ገበሬ ነኝ። ጎተራዬን ከአይጥ የሚጠብቅልኝ የሦስት ዓመት ወንድ ድመት አለኝ። ከስምንት ቀን በፊት ምግብ ጠልቶ ጥግ ይዞ ተኛ። ጆሮው ይፋጃል። ሐኪም አንድ መርፌ ወጋውና ሁለት ቀን ቀለል አለው። ከዚያ መልሶ ያዘው። አሁን ትንሽ ወተት ብቻ ይልሳል። ምክንያቱ አልታወቀም ተብያለሁ። ባለቤቴ የልጆቹን ፓራሲታሞል አድቅቀን በወተት እንስጠው ትላለች። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዜር ይማርልዎ። ከሁሉ በፊት ፓራሲታሞሉን ይተዉት። ለሰው ትኩሳት የሚያበርደው ይህ ክኒን ለድመት መርዝ ነው። የድመት ጉበት መድኃኒቱን እንደ ሰው ጉበት አጣርቶ ማስወገድ አይችልም። ስለዚህ ደሙ ይበላሽና አየር መሸከም ያቅተዋል። ድዱ ይጠቁራል፣ ፊቱና መዳፉ ያብጣል። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ድመት ሊገድል ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ አደገኛ ናቸው። ባለቤትዎ ያሰበችው ለደግ ነው፤ ግን ምናልባት ሰጥታው ከሆነ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፣ አሁኑኑ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ቀጥሎ ትኩሳቱን በትክክል እንለካ። የጆሮ ሙቀት ያታልላል። ፀሐይ የሞቀ ድመትም ጆሮው ይፋጃል። ከፋርማሲ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይግዙና ለእሱ ብቻ ይለዩለት። አንድ ሰው ድመቱን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ ይያዝ። እርስዎ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ቫዝሊን ቀብተው በፊንጢጣው ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ቀስ ብለው ያስገቡ። የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ38.1 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከፈራ ወይም ከታገለ ትንሽ ከፍ ሊል ስለሚችል ካረፈ በኋላ ይለኩት። ጠዋትና ማታ ለክተው ቁጥሩን ይጻፉ። ደጋግሞ 40 ካለ እውነተኛ ትኩሳት ነው። 41 ካለፈ ግን አንድ ቀንም አይደር።

አሁን ወደ ምክንያቱ። በመርፌ ቀለል ብሎት መመለሱ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ሌሊት ይዞራል፣ ይደባደባል። የድመት ጥርስ እንደ መርፌ ቀጭን ነው። ይወጋና ይወጣል፤ ቆዳው ወዲያው ይገጥማል። ጀርሙ ግን ሥጋው ውስጥ ይቀራል። በጥቂት ቀን ውስጥ መግል ይቋጥራል፣ ትኩሳቱም ይነሳል። አንድ መርፌ አንቲባዮቲክ ለጊዜው ያበርደዋል እንጂ የታቆረውን መግል አያደርቀውም። የእርስዎን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ ነው።

ይህን በዓይን ብቻ ማግኘት ያስቸግራል። እኔም በሥራ መጀመሪያዬ ለአንድ ድመት ደም አስመርምሬ፣ መድኃኒት ቀያይሬ፣ በመጨረሻ ያገኘሁት ከጅራቱ ሥር የተደበቀ ንክሻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጣቴ ሳልዳብስ ምክንያቱ አልታወቀም አልልም። እርስዎም በቀን ብርሃን ያስቀምጡትና ፀጉሩን ወደ ኋላ እየገለጡ ቀስ ብለው ይዳብሱት። ጉንጩን፣ አንገቱን፣ የፊት እግሮቹን፣ የጅራቱን ሥር። ሲሸሽ የሚነከሰው ጅራቱ አካባቢ ነው። የሚፈልጉት የጤፍ ፍሬ የምታክል ቅርፊት፣ የሞቀ እብጠት፣ ወይም ሲነኩት የሚጮህበት ቦታ ነው። ካገኙ በምላጭ አይብጡት፣ አይጭመቁትም። ሐኪሙ አደንዝዞ ከፍቶ ያጥበዋል፤ መድኃኒቱንም ለተከታታይ ቀናት ያዝለታል።

አንድ ነገር ግን እጠይቅዎታለሁ። ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ፣ ያለ ምክንያት ከተናከሰ ወይም ለሐጩ ከተዝረበረበ እንዳትነኩት፤ ልጆቹንም ያርቁ። ድመትም በእብድ ውሻ በሽታ ይያዛል። የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ካለ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጥቦ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ዳብሰው ምንም ካላገኙ ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይዩ። ድዱ ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ፣ ቁንጫም ካለበት፣ ቀይ የደም ሴሎቹን የሚያጠቃ ጀርም ሊሆን ይችላል። ይህ በደም ምርመራ ይታያል፣ መድኃኒትም አለው። አተነፋፈሱ ከፈጠነና ሆዱን እያንቀሳቀሰ ከተነፈሰ ደግሞ ደረቱ ውስጥ መግል ወይም ፈሳሽ ሊኖር ስለሚችል ጊዜ አይሰጥም። በድብድብ የሚተላለፍ፣ የድመቶችን የመከላከል አቅም የሚያዳክም ቫይረስም አለ። ሰው ላይ አይተላለፍም። የተያዘ ድመትም ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ግን እየተመላለሰ ለሚያመው ድመት መመርመሩ ተገቢ ነው። ሆዱ በፈሳሽ እየተነፋ ከሄደ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ያ ሌላ በሽታ ነው፤ የሚበዛውም ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ላይ ነው።

ለከብት የተረፈ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ቤት ውስጥ ካለ እሱንም አይውጉት። መጠኑን መሳት ቀላል ነው፤ ምርመራውንም ያዳፍነዋል። ላሞችዎን ለመዥገር ረጭተው ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ አይደብቁ። በአንዳንድ ርጭቶች ውስጥ የሚገኘው ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ መርዝ ድመትን ያንቀጠቅጣል፤ መንቀጥቀጡም ሙቀቱን ያንረዋል። ያ የበሽታ ትኩሳት መስሎ ይታያል እንጂ መመረዝ ነው።

እናንተ ዘንድ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለበት ከተማ ነው፤ የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ቅርባችሁ ነው። ሲሄዱ የጻፉትን የሙቀት ቁጥር፣ የተወጋበትን ቀንና ከተቻለ የመድኃኒቱን ስም ይያዙ። ብልቃጡ ካለ እሱን ራሱን ይውሰዱት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚገኘው ከእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ነው።

እስከዚያ ግን ሳይበላ እንዳይከርም። ድመት ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ምንም ሳይበላ ከቆየ ጉበቱ በስብ ይሞላና ሌላ ሕመም ይጨመርበታል። የተቀቀለ ሥጋ ወይም ዓሣ በትንሹ አሙቀው ያቅርቡለት፤ የሞቀ ምግብ ይሸተዋል። ወጥ አይስጡት፤ ሽንኩርት ደሙን ይጎዳዋል። አፉን ከፍተውም አያጉርሱት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ንጹሕ ውሃ አጠገቡ ይሁን፣ ሌሊት ደግሞ ቤት ውስጥ ይደር።

ሲድን ሐኪሙ እንዲያኮላሸው ይጠይቁ። መዞሩም መደባደቡም ይቀንሳል። አይጥ ማደን ይተዋል የሚሉ አሉ፤ አይተውም። ጎተራዎን እንደ ወትሮው ይጠብቅልዎታል።