አር15፦ ከ7,000 ዙር በታች የሚደነዝዝ ሞተር

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። እስካሁን የምነዳው የወንድሜን ቦክሰር 150 ነው። አሁን እዚሁ ሀዋሳ አንድ ያገለገለ ያማሃ አር15፣ ሦስተኛውን ትውልድ፣ አግኝቼ ሞከርኩት። ከ7,000 ዙር በታች ደንዛዛ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ተወርውሮ ይሄዳል። ሻጩ ‘የስፖርት ሞተር ተፈጥሮው ነው’ ይላል። እውነቱን ነው? ለጀማሪስ ይሆናል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሻጩ ያለው በከፊል እውነት ነው። አር15 155 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። ወደ 19 የሚጠጋውን የፈረስ ጉልበቱን አሟጦ የሚሰጠው በደቂቃ 10,000 ዙር ላይ ነው፤ ቶርኩም (የማዞር ኃይሉ) ጫፍ የሚደርሰው 8,500 ላይ። ቦክሰር 150 ግን ያለውን ቶርክ 5,000 ላይ ያስረክብሃል። እጅህ በቦክሰር ስለተገራ ማርሽ ቶሎ ትጨምራለህ፤ በዚያ አነዳድ አር15 ሰነፍ መምሰሉ አይቀርም። ከተማችን ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በካርቡራተር ፈንታ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክሽን ነዳጁን በአየሩ ልክ ይመጥናል እንጂ የጎደለውን አየር አያመጣም።

የማልቀበለው ያንን «ተወርውሮ» ያልከውን ነው።

ይህ ሞተር ቪቪኤ የሚባል ነገር አለው። የማስገቢያ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ዓይነት ካሞች አሉት፤ አንዱ ለዝቅተኛ ዙር፣ ሌላው ለከፍተኛ። 7,400 ዙር ገደማ ላይ በኤሌክትሪክ የሚገፋ ፒን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግረዋል፣ ዳሽቦርዱ ላይም «ቪቪኤ» የሚል ምልክት ይበራል። የተሠራበት ዓላማ ታች ያለውን ጉልበት ሳይጎዳ ላይኛውን ማግኘት ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር ላይ ሽግግሩን ጆሮህ ይሰማው እንደሆነ እንጂ ወገብህ እምብዛም አያውቀውም። ልዩነቱ ይህን ያህል ከጎላ፣ ላይኛው ስለበረታ ሳይሆን ታችኛው ስለታመመ ነው ብዬ እጀምራለሁ።

እንዲህ ፈትነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሦስተኛ ማርሽ 4,000 ዙር ላይ ሆነህ ጋዙን ቀስ አድርገህ ክፈት። እየተንገጫገጨ ወይም እየሳለ ከሄደ ጥፋቱ ነዳጅ ወይም ካንዴላ ዘንድ ነው። ሳይንገጫገጭ ግን እየተጎተተ ከሄደ የአየር ፊልትሮውን፣ የካቴናውን ጥርሶችና ፍሬኑን ጠርጥር። ከፋብሪካ ሲወጣ የፊቱ 14፣ የኋላው 48 ጥርስ ነው። ቁጠራቸው። ለፍጥነት ብሎ የፊቱን በትልቅ የቀየረ ሰው ካለ ታች መድከሙ የግድ ነው። ፍሬን ይዞ እንደሆነ ለማወቅ ፍሪ አድርገህ በእጅ መግፋት ብቻ ይበቃል።

ነዳጁን በተመለከተ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቀው፦ ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ እየገዛ ይሞላ ነበር ወይ? የቦክሰር ካርቡራተር ቆሻሻ ቢገባበት መንገድ ዳር ፈትተህ ነፍተህ ትገጥመዋለህ። የአር15 ኢንጀክተር ቀዳዳው እጅግ ጠባብ ነው፤ ውሃና ዝቃጭ ያለበት ቤንዚን ጥቂት ጊዜ ከጠጣ የሚረጨው ተበላሽቶ ልክ አንተ እንዳልከው ታች ይደክማል። ደግነቱ ኢንጀክተር ይታጠባል፣ ፊልትሮና ካንዴላም ይቀየራሉ፤ ለዚህ ብለህ ሞተሩን አትተወው፣ ዋጋ ቀንስበት እንጂ።

ዋጋ ተቀንሶም የማልገዛው የፊት ለፊት ጉዳት ያለበትን ነው። ስፖርት ሞተር በጀማሪ እጅ ብዙ ይወድቃል፣ ፕላስቲኩ ደግሞ በቀለም ይሸፈናል። ስለዚህ ቀለሙን ተወውና የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎቹን ጫፍ፣ የእግር መርገጫውን ጫፍ፣ የሞተሩን የጎን ክዳን እይ፤ የተፋቀ ነገር የወደቀበትን ጎን ይነግርሃል። ይህ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ቆሞም ይወድቃል። ከዚያ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙርና ቻሲሱ ላይ መሪው የሚቆምበትን ጉጥ ፈልግ። ጉጡ ተጨፍልቆ ወይም ተሰንጥቆ ካየህ ከባድ ግጭት ደርሶበታል፤ አመስግነህ ሂድ። የዚህ ሞተር ቻሲስ በመዶሻና በብየዳ የሚቃና አይደለም። ጉጡ ደህና ከሆነ የፊት ጎማውን ከመሬት አስነስተህ መሪውን በሁለት ጣት አወዛውዘው። መሐል ላይ ሲደርስ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል፤ በኮብልስቶን ሰፈር የኖረ ሞተር ላይ የተለመደ ነው፣ ይቀየራል። የፊት ሾኩን ዘንግ በጣትህ ጥረገው፤ ዘይት ከያዘ ጎሚኒው ሄዷል።

ለጀማሪ ይሆናል ወይ ላልከው፣ ሞተሩ ይሆናል። ለጀማሪ የሚከብደው አቀማመጡ ነው። መቀመጫው 815 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው፣ ክብደቱ 140 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፣ መሪው ዝቅ ያለና ጠቦ የሚዞር ነው። ከፒያሳ እስከ አቶቴ ባጃጅ በየአሥር ሜትሩ ሲቆምብህ ክብደትህ ሁሉ አንጓህ ላይ ያርፋል። ሰው እያፈናጠጥክ በየቀኑ ከተማ ውስጥ የምትመላለስ ከሆነ፣ እኔን ከጠየቅከኝ ቦክሰሩን አትሽጠው። በጥቁር ውሃ በኩል ወደ ሻሸመኔ መውጣት ካማረህ ግን አር15 ደስ ይልሃል።

ከየት አገር እንደመጣም እይ። የኢንዶኔዢያው ሦስተኛ ትውልድ ወርቃማ፣ የተገለበጠ የፊት ሾክ አለው፤ ኤቢኤስ (ፍሬን ስትይዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ግን የለውም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው የሕንዱ ሾኩ ተራ ነው፣ ኤቢኤስ ግን አለው። ወጣቶች ወርቃማውን ይመርጣሉ፤ እኔ ለአንተ ኤቢኤሱን እመርጣለሁ። የኤቢኤሱ መብራት ቁልፍ ስትከፍት መብራትና መንቀሳቀስ ስትጀምር መጥፋት አለበት። ከነጭራሹ ካልበራ አንድ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው።

ለማየት ስትሄድ ሞተሩ ሳይነሳ እንዲጠብቅህ ንገረው። ከመነሳቱ በፊት የራዲያተሩን ውሃ ዕቃ እይ፤ ዝገት የመሰለ ቀለም ካለው የቧንቧ ውሃ ሲሞላ ኖሯል። ከዚያ አስነስተህ ቆሞ እንዲሞቅ ተወውና ቬንቲሌተሩ ራሱ እስኪነሳ ጠብቅ። ዘይቱንም ምን እንደሚሞላ ጠይቅ፤ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ጃሶ ኤምኤ የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ነው የሚፈልገው፣ የመኪና ዘይት ሊያንሸራትተው ይችላል። ሊብሬውን ይዘህ የቻሲሱንና የሞተሩን ቁጥር ራስህ አመሳክር፤ ፎቶውን በስልክ መላክ አይበቃም።