አዲስ ማሽን ሳይገዛ የኃይል ወጪና ብክነት እንዴት ይቀነስ?

«ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ለአዲስ ማሽን የውጭ ምንዛሪ አልተገኘም። ኃላፊዎቹ ግን ወጪና ብክነት ቀንሱ ይሉናል። ከምን እንጀምር?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን፣ በጥገና ሥራ ላይ ካየሁት ልመልስልህ።

ከአየር ጀምር። ፋብሪካ ውስጥ እንደ ታመቀ አየር ውድ ኃይል የለም። ኮምፕሬሰሩ (አየሩን የሚያምቀው ማሽን) ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በ7 ባር ግፊት የአየር መስመሩ ላይ ያለች አንዲት የ3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሌት ተቀን ትበላለች። በሥራ ሰዓት በማሽኑ ጩኸት ማንም አይሰማትም። እሁድ ሁሉም ሲቆም ኮምፕሬሰሩን ብቻ አስነሳና መስመሩን ተከትለህ ሂድ። ጆሮህ ያላገኘውን የሳሙና አረፋ ያሳይሃል፤ መጋጠሚያዎቹን በብሩሽ ቀባቸው። እኛ ጋ ጉዱ የተገኘው ዋናው ቱቦ ላይ አልነበረም። በሽቦ የታሰሩ የጎማ ቱቦዎችና ውሃ ማስወገጃ ቫልቮች ነበሩ የሚያፈሱት። መድኃኒቱ ክላምፕ (የቱቦ ማሰሪያ)፣ የቴፍሎን ቴፕና ጋስኬት (መጋጠሚያ መሃል የሚገባ ማሸጊያ) ነው።

መጠኑን ለማወቅም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ያኔውኑ ኮምፕሬሰሩ ስንት ሰከንድ ሎድ (አየር እያመቀ)፣ ስንት ሰከንድ አንሎድ (ሳያምቅ) እንደሚያደርግ በስልክህ ያዝ። የሎዱን ጊዜ ለሁለቱ ድምር አካፍለው፤ የሚፈሰው አየር ከኮምፕሬሰሩ አቅም ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግርሃል። ከ10 በመቶ ካለፈ ሥራ አለብህ ማለት ነው።

ቀጥሎ ስቲም (እንፋሎት)። ኮንደንሴቱ (እንፋሎቱ ሥራውን ጨርሶ ውሃ የሆነው) ወደ ቦይ የሚሄድ ከሆነ የከፈላችሁበትን ሙቅና የታከመ ውሃ ነው የምትደፉት። ወደ ቦይለሩ (እንፋሎት ማፍያው) መልሱት። ወደ ቦይለር የሚገባው ውሃ በ6 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ነዳጅ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

መለዋወጫን በተመለከተ፣ ቡሽ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት) እና ሮለር ቶርኖ ቤት አስቀርጸን በደንብ ሠርተውልናል። ግን ከምን ብረት እንደተሠራና መቼ እንደተገጠመ መዝግብ፤ አለበለዚያ ባለሙያው ሲለቅ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። በሴፍቲ ቫልቭ (ትርፍ ግፊት በሚያስተነፍሰው) እና በቦይለር አካል ላይ ግን በፍጹም አትሞክረው። እዚያ ቁጠባ የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

የሌሊት ፈረቃ ኦፕሬተሮችንም ጠይቅ። የትኛው ማሽን በከንቱ እንደሚሽከረከር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሐሳባቸው ሲሠራ ደግሞ ስማቸው ይጠራ፤ ካይዘን (በሠራተኛው ሐሳብ ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ) ብዙ ቦታ ግድግዳ ላይ የቀረው ይህ ስለተዘነጋ ይመስለኛል።

አንድም ነገር ከመንካትህ በፊት ግን የቆጣሪውን ንባብና የዕለቱን ምርት ጎን ለጎን ጻፍ። ኃላፊዎችህ ለሁለተኛው ዙር በጀት የሚፈቅዱልህ በአንድ ኪሎ ምርት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደቀነሰ ስታሳያቸው ነው።