ዞን አልወጣም ማለት አይሠራም ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የማስተርስ ጊዜ ትዝ አለኝ። የኮሶ አበባ ውህዶችን በሜታኖል አውጥተሽ ባክቴሪያ ይገድሉ እንደሆነ በአጋር ዌል (ባክቴሪያ በተዘራበት ጄሊ መሰል አጋር ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ጨምረሽ) ሞከርሽው፣ ስታፍ (ስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ) ላይ 13 ሚሊ ሜትር ዞን፣ ማለትም በጉድጓዱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ፣ አገኘሽ፣ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ላይ ግን ባዶ ሆነብሽ። አድቫይዘርሽ ደግሞ ተክሉን ቀይሪ አለሽ። እኔ ብሆን አሁን አልቀይርም።

መጀመሪያ ያንን 13 እንየው። ሜታኖሉ ብቻ የገባበት ጉድጓድ ነበረሽ? ከጻፍሽው ውስጥ አላየሁትም። እኔ ሁለት ወር ሙሉ በዞን ስደሰት ከርሜ፣ ኤክስትራክቴ (ከተክሉ ያወጣሁት ውህድ) ውስጥ ሜታኖል እንደቀረ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያ ሁሉ ፕሌት ተጣለ፣ በጣም ነበር ያዘንኩት። ሮታሪ ኢቫፖሬተር (ሜታኖሉን የሚያተንነው መሣሪያ) ላይ 40 ዲግሪ አስገብቼዋለሁ ብለሽ አትመኚ። ሚዛኑ መቀነስ እስኪያቆም አድርቂው። ከዚያ በዲኤምኤስኦ (ሌላ ማሟሚያ ፈሳሽ ነው) አሟሚውና ያንኑ ዲኤምኤስኦ በዚያው መጠን ለብቻው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሪ። እሱም ዞን ካሳየ 13ቱ የኮሶው ነው ማለት አትችዪም።

የኢ. ኮላዩ ባዶነት ብዙ አያስደንግጥሽ። ግራም ኔጋቲቭ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች ስለሆነ ተጨማሪ ውጫዊ ሽፋን አለው፣ ብዙ የዕፅዋት ውህዶች እሱን ማለፍ ያቅታቸዋል። ግን ችግሩ አጋሩም ሊሆን ይችላል፤ ውሃ ውስጥ በደንብ የማይሟሟ ውህድ አጋር ውስጥ ርቆ አይሄድም፣ እዚያው ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ይቀራል፣ ባክቴሪያውን መግደል ቢችል እንኳ አይደርስበትም። ኮሶ አበባ ደግሞ ሙጫ አለው። በዚህ ምክንያት የሁለት ተክሎችን ዞን በስፋት ማወዳደርማ ጭራሽ አያስኬድም።

ስለዚህ ኤምአይሲ (የባክቴሪያውን እድገት የሚያስቆመውን ዝቅተኛ መጠን) ሥሪ። ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት፣ ሙለር ሂንተን ብሮዝ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ)፣ ኤክስትራክቱን በእጥፍ በእጥፍ እያቀጠንሽ። ዲኤምኤስኦው ከ1 ፐርሰንት ባይበልጥ ጥሩ ነው። 0.5 ማክፋርላንድ (የባክቴሪያ ብዛት በድፍርስነት የሚለካበት መስፈርት) በሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ነው፣ ለፕሌቱ ግን ወደ 500 ሺህ ማውረድ አለብሽ። ይቺን የሚዘል ሰው አይቻለሁ፣ ከዚያ ኤክስትራክቱ አልሠራም ይላል።

የኮሶ ኤክስትራክት ቡናማ ስለሆነ ብሮዙ መደፍረሱን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ሬሳዙሪን የሚባለውን ቀለም ጨምሪበት፣ ሰማያዊ ከቆየ እድገት የለም፣ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው በሕይወት አለ። አደራ፣ ባክቴሪያ የሌለበት ኤክስትራክት ብቻውን ከሬሳዙሪን ጋር የተቀላቀለበት ጉድጓድ ይኑርሽ፤ አንዳንድ የዕፅዋት ውህድ ቀለሙን ራሱ ይቀይረዋል።

ስለ አበባው ደግሞ፣ ከገበያ ገዝተሽው ከሆነ ያስጨንቀኛል። ኮሶ ወንዱና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ላይ ነው የሚያብበው፣ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። ራስሽ ለቅመሽ፣ ጥላ ውስጥ አድርቀሽ፣ ናሙናውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ) አስመዝግቢ።

መግቢያሽ ላይ «በባህል የታወቀውን አረጋገጥኩ» ብለሽ እንዳትጽፊ። እናቶቻችን ኮሶ ያጠጡን ለትል ነው። ባክቴሪያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ኤምአይሲው በሚሊ ሊትር ከ1 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ደካማ ነው ብለሽ በግልጽ ጻፊው፣ ከ100 ማይክሮግራም በታች ከወረደ ግን ተክሉን እንዳትለቂው። የፕሌቱን ፎቶ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።