የአይቫን ሜጀርን ደጋፊዎች ትዝታ በድምፅ ለመቅዳት ለምትነሱ ወጣቶች

ልጆቼ፣

በ1969 የ15 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ የማንችስተሩን ቤል ቪው ስታዲየም አጥር ተደግፎ የስፒድዌይ ሞተር ሳይክል ተወዳዳሪውን አይቫን ሜጀርን ያየ ሰው ዛሬ 70ን ተሻግሯል። ያኔ ሕፃን ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያሳየው አባት ደግሞ በአብዛኛው በሕይወት የለም። ሜጀር ራሱ ኤፕሪል 16 ቀን 2018 በ78 ዓመቱ አርፏል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እናንተም ማስታወሻችሁ ላይ ሁለቱን አቆጣጠሮች አትቀላቅሉ።) በእንግሊዝ ማንችስተርና ኒውካስል ወይም በስዊድን ጎተንበርግ ከምትኖሩት መካከል አንድ ጎረቤት አዛውንት የድሮ ስፒድዌይ ሲያነሱ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ለከርሞ አታሳድሩት። በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ላይ ያላችሁ ግን አስቀድማችሁ ከአዛውንቱ፣ ከቤተሰባቸውና ከአሠሪያችሁ በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ያለ ፈቃድ የተቀዳ ድምፅ ምንም ያህል ውብ ቢሆን የትም አይውልም።

መጀመሪያ ስፖርቱን እወቁ። ስፒድዌይ አራት ተወዳዳሪዎች በሞላላ ሜዳ ላይ አራት ዙር የሚሮጡበት የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ነው። አንዱ ሩጫ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ሞተሩ 500 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በሜታኖል የሚሠራ ነው፤ ማርሹ አንድ ብቻ ነው፤ ፍሬን የለውም። ጉዞው ሁልጊዜ ወደ ግራ ስለሚታጠፍ ተወዳዳሪው ግራ ጫማው ሥር ብረት ያስራል፤ ኩርባው ላይ እግሩን መሬት እያስነካ የኋላ ጎማውን አንሸራትቶ ይዞራል። ፍጥነቱን የሚገዛው በነዳጅ መስጫው፣ በሰውነቱ ሚዛንና በጎማው መንሸራተት ነው። አንደኛ የወጣ 3፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1 ነጥብ ያገኛል፤ አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን ሳያውቁ ደጋፊ ፊት መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው። አዛውንቱ ስፖርቱን ለማስረዳት ሲደክሙ ትዝታው ሳይነካ ቀኑ ይመሻል።

ቀጥሎ የሰውየውን የዘመን መሰላል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ጉልበታችሁ ላይ አኑሩ። ሜጀር በ1939 በኒው ዚላንድ ክራይስትቸርች ተወለደ። በ1957 ለንደን ሄዶ ዊምብልደን ክለብ ገባ፤ አልሆነለትም፣ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1963 ዳግመኛ መጥቶ ኒውካስልን ያዘ። ከዚያ ሌሎች የእንግሊዝ ክለቦች ተከተሉ፦ ከ1969 እስከ 1972 ቤል ቪው፣ ከ1973 እስከ 1977 ኤክስተር፣ ከ1978 እስከ 1981 ሃል። የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ስድስት ጊዜ ነው፦ 1968 ጎተንበርግ፣ 1969 ዌምብሌይ (ለንደን)፣ 1970 ቭሮትስዋፍ (ፖላንድ)፣ 1972 ዌምብሌይ፣ 1977 ጎተንበርግ፣ 1979 ሆዦቭ (ፖላንድ)። ይህን የስድስት ድል ክብር ከእሱ ጋር የተካፈለ ሰው የተገኘው በ2005 ነው፤ ስዊድናዊው ቶኒ ሪካርድሰን። ስለ ስሙም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሲጠራ "ሜጀር" ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደሉን እንዳለ የሚያነብ ግን "ማውገር" ሊለው ይችላል። በድምፅ የሰማችሁትን በጆሮ ግምት ጽፋችሁ መዝገብ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። የተወዳዳሪ ስም በሙሉ ከታተመ ፕሮግራም ላይ ይገልበጥ።

አሁን ወደ ጥያቄው። "ሜጀር ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ብላችሁ አትጀምሩ። ለዚህ የሚመጣው መልስ ጋዜጣ ላይ ያነበቡት ነው። "የት ቦታ ይቆሙ ነበር?" በሉ። የዘወትር ደጋፊ ቦታ አለው፤ በየሳምንቱ እዚያው ይቆማል፤ ቦታው ደግሞ ያየውን ይወስናል። መነሻው አጠገብ የቆመ ሰው የሜጀርን እጅና ዓይን ያስታውሳል። መጀመሪያው ኩርባ ላይ የቆመ ፊቱን ስለሚመታው ጠጠር፣ ከሻይ ስኒው ስላወጣው ቀይ አሸዋ ያወራል፤ ሜዳው የሚነጠፈው በተፈጨ ድንጋይ ስለሆነ የኋላ ጎማው ወደ ተመልካቹ ይረጨዋል። ከቦታው ቀጥሎ ከማን ጋር እንደመጡ፣ በአውቶቡስ ይሁን በእግር፣ ኪሳቸው ውስጥ ምን እንደነበር ጠይቁ። የሜጀር ነገር ራሱ ተከትሎ ይመጣል።

ስለ ሽታው ሳትጠይቁ አትነሡ። ሁሉም "የሜታኖሉ ሽታ" ይላሉ። ያ አፍንጫ ውስጥ የሚቀረው ጣፋጭ ጭስ ግን በዋናነት የሚመጣው ከነዳጁ አይደለም፤ ሞተሩን ከሚያለሰልሰው ዘይት ነው፤ ዘይቱም የጉሎ ዘይት ነበር። እኛ አገር ሴቶች ምጣድ የሚያሰሱበት የዚያው የጉሎ ዘር ዘይት ማለት ነው። ይህን አዛውንቱን ለማረም አትጠቀሙበት። እሳቸው እንዳሉት ይቀዳ፤ ማብራሪያው በኋላ በእናንተ ድምፅ በግርጌ ይገባል።

ሜጀርን ከሌላው የለየው መነሻው ላይ ስለነበር፣ እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ተወዳዳሪዎቹ የሚነሡት ተወጥሮ የተዘረጋው የመነሻ ገመድ ወደ ላይ ሲፈናጠር ነው። ቀድሞ ገመዱን የነካ ከሩጫው ይወጣል። የኋላ ጎማ ለስላሳ አፈር ላይ ከተገኘ ባዶውን ይሽከረከራል፤ ጠንካራ መሬት ላይ ከተገኘ ይነክሳል። ስለዚህ ተወዳዳሪው ወደ መነሻው ሲመጣ በጫማው መሬቱን ይጭራል፤ ልሉን ጠርጎ ጠንካራውን ይፈልጋል፤ ለጎማው መስመር ያበጃል። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ይዞ የሞተሩን ዙር ከፍ አድርጎ ይጠብቃል። ፍሪሲዮኑን በአንዴ ከለቀቀ የፊት ጎማው ይነሣል፤ ካዘገየ ሌሎቹ ይቀድሙታል። አዛውንቱን "እግሩን እንዴት ያደርግ ነበር? ያሳዩኝ" በሏቸው። ብዙዎቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ያሳያሉ፤ እጃቸው በአየር ላይ ፍሪሲዮን ይለቃል። ድምፅ ብቻ የምትቀዱ ከሆነ፣ ያያችሁትን ወዲያው በቃላችሁ ለመቅረጫው ተናገሩ፤ ካልሆነ እዚያ ቦታ ላይ ዝምታ ብቻ ታገኛላችሁ።

ትዝታ የሚሳሳትበት የራሱ መንገድ አለው፤ ዝም ብሎ አይሳሳትም። የሚመሳሰሉትን ያጋባል። ሜጀር ዌምብሌይ ላይ ሁለት ጊዜ አሸንፏል፤ የ1969ኙንና የ1972ቱን አንድ ሌሊት አድርገው የሚነግሯችሁ ይኖራሉ። መለያው ግልጽ ነው፦ በ1972 ሜጀርና ስዊድናዊው በርንት ፔርሶን እኩል 13 ነጥብ ይዘው በመለያ ሩጫ ነው የተለያዩት፤ የኒው ዚላንዱ ተወዳዳሪ ባሪ ብሪግስ ወድቆ ጣቱን ያጣውም ያን ዕለት ነው። ሜጀር የሮጠበት የመለያ ሩጫ ወይም የብሪግስ ጣት ከተነሣ ዓመቱ 1972 ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሆዦቭ ላይ ሌላ የመለያ ሩጫ ነበር፤ እንደገና በ13 ነጥብ፤ ያኔ ግን ሜጀር ወደቀ፣ ፖላንዳዊው የዢ ሽቻኬል አሸነፈ። ስለ አወዳደቁ የእንግሊዙ ደጋፊና የፖላንዱ ደጋፊ የሚሉት ላይገጥም ይችላል። ሁለቱንም ቅዱ፤ ዳኛ አትሁኑ። ዝናብና ጭቃ አጥብቆ የሚያነሣ የጎተንበርግ ታሪክ ደግሞ የ1977ቱ ሳይሆን አይቀርም። "ከወርቅ የተሠራ ሞተር ነበረው" ሲሏችሁም አትሳቁ። ከ1968 እስከ 1970 በተከታታይ ሲያሸንፍ፣ ሁለት አሜሪካውያን አድናቂዎች በገቡት ቃል መሠረት ያሸነፈበትን ሞተር በወርቅ አስለብጠውለታል። የተለበጠ ነው እንጂ ወርቅ አይደለም፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ቁጥርን በቁጥር መርምሩ። በእያንዳንዱ ሩጫ የሚሰጠው ነጥብ 3፣ 2 እና 1፣ ድምሩ 6 ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የሊግ ግጥሚያ 13 ሩጫ ነበረው፤ ስለዚህ የሁለቱ ቡድኖች ድምር ከ78 አይበልጥም። "50 ለ30 አሸነፍናቸው" ከተባለ 80 ሆነ፤ ወይ ቁጥሩ ወይ ዘመኑ ተሳስቷል። ከ78 ቢያንስ ግን ስሕተት ነው አትበሉ፤ አንድ ሩጫ ላይ የጨረሱት ሁለት ብቻ ከሆኑ የሦስተኛው ነጥብ ይቀራል። የዓለም ፍጻሜው 16 ተወዳዳሪና 20 ሩጫ ነበረው፤ እያንዳንዱ አምስት ጊዜ ወጥቶ ከሌሎቹ 15 ጋር አንድ አንድ ጊዜ ይገናኛል። ከፍተኛው 15 ነጥብ፣ የሁሉም ድምር ቢበዛ 120 ነው። ሜጀር በ1968ና በ1970 15 አገኘ፤ በ1972 በ13 ነው ያሸነፈው። "ስድስቱንም ሳይሸነፍ" የሚል ትዝታ ፍቅር ነው፤ ፍቅሩን ቅዱ፣ ቁጥሩን ከወረቀት ውሰዱ።

የማይመስለው ደግሞ አንዳንዴ እውነት ይሆናል። አንድ አዛውንት "አባቴ አምስቱንም ሩጫ አሸንፎ ሦስተኛ የወጣ ሰው አይተዋል" ቢሏችሁ አትጣሉት። በ1936 በመጀመሪያው የዌምብሌይ ፍጻሜ ብሉይ ዊልኪንሰን ሙሉ 15 ነጥብ አገኘ። ነገር ግን ከማጣሪያ የተያዘ ነጥብ ይደመር ስለነበር የእሱ 10 ተጨምሮ 25 ሆነ፤ ላየነል ቫን ፕራግና ኤሪክ ላንግተን 26 26 ሆኑ፣ ቫን ፕራግ በመለያ ሩጫ ወሰደው። ደንቡን ያላወቀ ቃለ መጠይቅ አድራጊ እውነቱን ጠራርጎ ይጥለው ነበር።

አብዛኛው ደጋፊ አሮጌ ፕሮግራም በካርቶን አስቀምጧል። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ሀብት ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱን ደጋፊው ራሱ እዚያው ቆሞ በእስክሪብቶ ሞልቶታል። ከስሙ አጠገብ ያለው ቁጥር ነጥቡ ነው። በቁጥር ፈንታ ፊደል ካያችሁ፣ "ኤፍ" መውደቅ፣ "ኢኤፍ" የሞተር ብልሽት፣ "ኤክስ" በዳኛ መባረር ነው። "11+1" የሚለው ደግሞ ተጨማሪዋ 1 ነጥብ ከቡድን ጓደኛው ተከትሎ በመግባቱ የተሰጠች ናት ማለት ነው። ቀለሙ የደበዘዘውን አታድምቁ። የዛገውን የስቴፕለር ሽቦ ለመንቀል አትታገሉ፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው በዓመታት ውስጥ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። በስካነር በአንድ ኢንች 600 ነጥብ (dpi) ጥራት፣ ባዶ ገጾቹንና ሽፋኑን ጨምሮ አንሡ። ስካነር ከሌለ ስልካችሁን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ በመስኮት ብርሃን አንሡ። የጋዜጣ ቁራጭ ከፎቶ ጋር ተጣብቆ ከተቀመጠ በመካከላቸው ንጹሕ ነጭ ወረቀት አግቡ፤ የጋዜጣ አሲድ ፎቶውን ያቢጫል።

ለፎቶ ዓመት ለመስጠት በፈገግታው አትገምቱ፤ ደረቱን እዩ። የክለቡ ምልክት ያለበት ሰደርያ ዘመኑን ይነግራችኋል፦ የኤክስተር ከሆነ ከ1973 እስከ 1977፣ የሃል ከሆነ ከ1978 ወዲህ። የራስ ቁር ቀለም በጥቁርና ነጭ ፎቶ አያስተማምንም፤ የባለሜዳዎቹ ቀይና ሰማያዊ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ሞተሩንም እዩ፤ በሜጀር ዘመን ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። የተጋደመ ሞተር ካያችሁ ፎቶው የ1990ዎቹ ወይም ከዚያ ወዲህ ነው፤ የሚነግሯችሁ ስም ማንም ይሁን፣ ያ የ1970ዎቹ ሜጀር አይደለም። የፎቶውን ጀርባ ሳታነሡ አትለፉ፤ የፎቶ አንሺው ማኅተም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ ለማተም ፈቃድ የሚጠየቀውም እሱ ወይም ወራሹ እንጂ አዛውንቱ አይደሉም።

ስለ ቀረጻው በአጭሩ። ስልኩን በበረራ ሁነታ ላይ አድርጉ፤ ድምፁን ባልታመቀ ዋቭ ፋይል በ48 ኪሎኸርዝ ቅዱ። ከአፋቸው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራቅ፤ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፉ፣ ስኒ ሲቀመጥ ነጎድጓድ ይሆናል። ፍሪጅ ካለበት ክፍል ውጡ። መጀመሪያ ላይ ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን አስቀዱ፤ መጨረሻ ላይ ግማሽ ደቂቃ ዝምታ ቅዱ፣ ድምፁን ለሚያጸዳው ሰው ይጠቅመዋል። ከአንድ ሰዓት ተኩል አትለፉ፤ ሁለተኛ ቀጠሮ ይሻላል፣ በመካከሉ ብዙ ነገር ትዝ ይላቸዋልና። የዚያኑ ዕለት ማታ ሦስት ቅጂ አድርጉ፤ ሁለቱ በተለያየ ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ።

ስትጽፉት ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ እሳቸው እንዳሉት ይሁን፣ ዓመቱ ቢሳሳትም፣ ነጥቡ ቢበዛም። በቀኝ ወረቀቱ የሚለውን አስቀምጡ። ሁለቱን አስማምታችሁ አንድ ቆንጆ ታሪክ አታድርጉት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ይዛችሁላቸው ሂዱና ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ፕሮግራሞቹንም በተራቸው፣ ካወጣችሁበት ካርቶን ውስጥ መልሱላቸው። በሁለተኛው ንባብ ላይ መቅረጫው ክፍት ይሁን።