የአሜሪካ ኮንግረስ፦ ዲሲ ለምን ሴናተር የላትም?

ጥያቄ፦ እኅቴ የአሜሪካ ዜግነት አግኝታ ዋሽንግተን ዲሲ ትኖራለች። «ፕሬዚዳንት እመርጣለሁ፤ ሴናተር ግን የለኝም» አለችኝ። ዋና ከተማው እንዴት ሴናተር ያጣል? በዜናም ሴኔት ውስጥ ከግማሽ በላይ ድጋፍ ያለው ረቂቅ ሕግ ወደቀ ሲባል እሰማለሁ። ሴኔት እንደ እኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው ወይ?
— አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እኅትዎ ያሉት ትክክል ነው። የኮንግረስ (የሴኔትና የተወካዮች ምክር ቤት) መቀመጫ የሚሰጠው ለግዛቶች ነው፤ ዲሲ ደግሞ ግዛት አይደለችም። ወደ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ተወካይ ትልካለች፤ ተወካዩ በኮሚቴ ድምፅ ይሰጣል፣ ምክር ቤቱ ሕግ ሲያጸድቅ ግን አይቆጠርም። ፕሬዚዳንት የመምረጥ መብት እንኳ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1961 በ23ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። በ2020 ቆጠራ የዲሲ ሕዝብ ከዋዮሚንግም ከቨርሞንትም በልጦ ተገኝቷል፤ ግብር እየከፈሉ ድምፅ ማጣት በደል ነው ብለን እናምናለን። እኅትዎ ከከተማዋ ወጣ ብለው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢገቡና በአዲሱ አድራሻቸው ቢመዘገቡ፣ ወዲያውኑ ሁለት ሴናተርና ድምፅ ያለው አንድ ተወካይ ይኖራቸዋል።

ሴኔት ለእያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሁለት መቀመጫ ይሰጣል፤ በጠቅላላው 100። ደሴና ኮምቦልቻ ሁለት ግዛት ቢሆኑ፣ ደሴ በሕዝብ ብትበልጥም በሴኔት እኩል ናቸው። የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫ ግን በየ10 ዓመቱ በሚደረገው ቆጠራ ይደለደላል። ዛሬ ካሊፎርኒያ 52 አላት፤ ዋዮሚንግ 1። ችግሩ የሚመጣው ከድልድሉ በኋላ ነው። በብዙ ግዛቶች የምርጫ ክልሉን ድንበር የሚያሰምረው የግዛቱ ምክር ቤት ስለሆነ፣ አብላጫ ያለው ፓርቲ የተቃዋሚውን ደጋፊዎች አንድ ክልል ውስጥ ያጭቃቸዋል፣ አለዚያም በየክልሉ በትኖ አናሳ ያደርጋቸዋል።

ተወካዮች በሙሉ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ። ሴናተር 6 ዓመት ያገለግላል፤ በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ የሚቀርበው ከሴኔቱ አንድ ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የሕዝቡ ስሜት በአንድ ምርጫ ቢገለበጥም ሴኔቱ ሙሉ በሙሉ አይለወጥም።

ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር የሚያመሳስለው ነገር ድሮ ነበር፦ እስከ እ.ኤ.አ. 1913 ድረስ ሴናተሮችን የሚመርጡት የግዛት ምክር ቤቶች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጣል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የእኛው ምክር ቤት ሕገ መንግሥት ይተረጉማል እንጂ ሕግ አያወጣም። አሜሪካ ውስጥ ትርጉሙ የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ ያለ ሴኔት ይሁንታ ደግሞ አንድም ሕግ አይወጣም። ዳኞችንና አምባሳደሮችንም ሴኔት ያጸድቃል።

የሰሙት ዜናም እውነት ነው። ሴኔት ውስጥ ክርክር ተዘግቶ ድምፅ እንዲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ 60 ድምፅ ያስፈልጋል። 55 ደጋፊ ያለው ረቂቅ፣ ለማለፍ 51 ቢበቃውም፣ እዚያ ሳይደርስ በሩ ላይ ይቀራል። ይህ የሴኔቱ የራሱ ደንብ እንጂ የሕገ መንግሥት ድንጋጌ አይደለም፤ የዳኞች ሹመትና አንዳንድ የበጀት ሕጎችም አይነካቸውም።

በዜና «ሴኔት አጸደቀ» ሲባልም ጉዳዩ ገና ነው። ሁለቱም ምክር ቤቶች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ጽሑፍ ማጽደቅ አለባቸው፤ ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ይፈርማሉ። ፕሬዚዳንቱ ውድቅ ካደረጉት በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። የኮንግረሱ የሁለት ዓመት ዘመን ሲያበቃ ያልተቋጨ ረቂቅ ይሞታል፤ የሚፈልገው ካለ በአዲሱ ኮንግረስ ከሀ ይጀምራል።